የጎረቤት ልጅ ስታለቅስ፦ በልጆች ላይ የሚደርሰውን ጥቃት ለይቶ ማወቅ፣ ማሳወቅና መርዳት

ተራችሁ እስኪደርስ በአግዳሚው ወንበር ላይ ስትጠባበቁ ይህን ጽሑፍ እንድታነቡልን እንጋብዛለን። ማንበብ የማይችሉ እናቶች አጠገባችሁ ካሉም ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ብታነቡላቸው ትምህርቱ ለብዙዎች ይዳረሳል። ርዕሱ ለመስማትም ሆነ ለመናገር የሚከብድ ነው። ይሁን እንጂ ስለሚከብድ ብቻ ሳይነገር በመቅረቱ ብዙ ልጆች ተጎድተዋል። በመሆኑም በዛሬው ትምህርታችን በልጆች ላይ የሚደርሰው ጥቃትና ቸልተኝነት ምን እንደሆነ፣ በምን እንደሚታወቅ፣ ለማን እንደሚነገርና ከተነገረ በኋላ ምን መደረግ እንዳለበት እንመለከታለን።

መነሻ ታሪክ

(ታሪኩ ለትምህርት እንዲያመች የተዘጋጀ ነው እንጂ የአንድን ሰው ገመና የሚገልጥ አይደለም።)

በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሁለት ጎረቤታሞች በመጋቢት ፀሐይ አብረው ወደ ክሊኒክ መጡ። አንደኛዋ የሦስት ወር መርፌዋን ለመወጋት፣ ሌላዋ ደግሞ ሕፃን ልጇን ለማስከተብ ነው። ሕፃኑን ያዘለችው ግን እናቱ ሳትሆን ዐሥር ዓመት የሚሆናት ልጅ ነበረች። ልጅቱ የሴትዮዋ የእህት ልጅ ስትሆን፣ "ከተማ ወስጄ አስተምርልሻለሁ" ተብሎ ከገጠር ከመጣች ሁለት ዓመት አልፏታል። እስከዚያን ቀን ድረስ ግን የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም።

ሙቀቱ የሚያቃጥል ሆኖ ሳለ ልጅቱ ወፍራም ሹራብ ለብሳለች። ሕፃኑን ለነርሷ ስታቀብል የሹራቧ እጅጌ ተሰበሰበና ክንዷ ላይ ያለ ያልዳነ ቃጠሎ ታየ። ነርሷም "ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው?" ብላ ጠየቀች። ልጅቱ አፏን ከመክፈቷ በፊት አክስቷ ቀድማ "ሻይ ተደፍቶባት ነው፤ ቀልቃላ ናት" ስትል መለሰች። ልጅቱ መሬት መሬት ታያለች።

አግዳሚው ላይ የተቀመጠችው ጎረቤት ይህን ስትሰማ ልቧ ደነገጠ። ከትናንት ወዲያ ለእርሷ የተነገራት "ምጣድ ላይ ወድቃ ነው" የሚል ነበርና። በዚያ ላይ ሌሊት ሌሊት በግድግዳው በኩል የሚሰማውን ለቅሶ ታውቃለች። የበርበሬ ጭስ ግቢውን ሞልቶ ሁሉም ሲያስነጥስ የነበረበትን ማታም አልረሳችውም። ሆኖም "ምን አገባኝ? ነገ ቡና የምንጠጣው አብረን ነው" ብላ አንገቷን ደፋች።

እርስዎ በጎረቤቷ ቦታ ቢሆኑ ኖሮ ምን ያደርጉ ነበር? ጥያቄውን በልብዎ ይያዙት፤ በመጨረሻ እንመለስበታለን።

ጥቃትና ቸልተኝነት ስንል ምን ማለታችን ነው?

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1982 ዓ.ም. ያወጣው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነን ሰው ሁሉ ሕፃን ይለዋል። ኢትዮጵያም ይህን ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 10/1984 አጽድቃዋለች። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ለሕፃናት መብት የተለየ ቦታ ሰጥቷል። ስለዚህ ስለ ልጆች ስንናገር ገና የሚዳኸውን ብቻ ሳይሆን የዐሥራ ሰባት ዓመቷን ወጣትም ጭምር ማለታችን ነው።

በልጆች ላይ የሚደርሰው በደል በአራት ይከፈላል።

ሀ. አካላዊ ጥቃት፦ መደብደብ፣ ማቃጠል፣ ማሰር፣ በበርበሬ ማጠን፣ ጨቅላ ሕፃንን በንዴት ይዞ መነቅነቅ የመሳሰሉት ናቸው። በተለይ ሕፃንን በኃይል መነቅነቅ በውጭ ምንም ቁስል ሳይታይ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም እንዲፈስ ሊያደርግና ሊገድለው ይችላል።

ለ. ስሜታዊ ጥቃት፦ ልጅን ዘወትር መስደብ፣ ማዋረድ፣ "ባልወለድኩህ ኖሮ" እያሉ ማሳቀቅ፣ በጨለማ ቤት መዝጋት፣ "ለጅብ ነው የምሰጥህ" እያሉ ማስፈራራት፣ እናቱ ስትደበደብ እያየ እንዲያድግ ማድረግ በዚህ ውስጥ ይመደባል። ምልክቱ ቆዳ ላይ ስለማይታይ ብዙዎች እንደ ጥቃት አይቆጥሩትም።

ሐ. ወሲባዊ ጥቃት፦ መድፈር ብቻ አይደለም። የልጅን ሀፍረተ ገላ መነካካት፣ ልጁ የአዋቂውን እንዲነካ ማድረግ፣ የወሲብ ፊልም ወይም ሥዕል ማሳየትና ራቁት ፎቶግራፍ ማንሳትም ወሲባዊ ጥቃት ነው። በሴቶች ልጆች ብቻ ሳይሆን በወንዶች ልጆችም ላይ ይደርሳል። ፈጻሚው ብዙውን ጊዜ የማይታወቅ መንገደኛ ሳይሆን ልጁ የሚያውቀውና የሚያምነው ሰው ነው።

መ. ቸልተኝነት፦ እየቻሉ ልጅን አለመመገብ፣ ሲታመም አለማሳከም፣ አለማስከተብ፣ ትምህርት ቤት አለማስገባት፣ ትንንሽ ልጆችን ያለ ጠባቂ እሳትና ጉድጓድ ባለበት ጥሎ መሄድ ነው።

ከእነዚህ ሌላ ልጅን ከአቅም በላይ ማሠራት፣ ያለ ዕድሜ መዳር፣ የሴት ልጅ ግርዛት፣ እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ ማስነቀል የልጆችን አካልና ሕይወት የሚጎዱ ድርጊቶች ናቸው። ወላጆች እነዚህን የሚፈጽሙት ልጃቸውን ጠልተው ሳይሆን የጠቀሙ መስሏቸው ነው። ጉዳቱ ግን በቅን ሐሳብ ስለተፈጸመ አይቀንስም።

ድህነትና ቸልተኝነት አንድ አይደሉም

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የተቀደደ ልብስ የለበሰ፣ ባዶ እግሩን የሚሄድ ወይም የከሳ ልጅ ሁሉ ወላጆቹ ችላ ያሉት ልጅ አይደለም። ያላትን አንዲት እንጀራ ለልጆቿ አካፍላ ራሷ ጦሟን የምታድር እናት ችላ ባይ ልትባል አይገባትም። እርሷ የሚያስፈልጋት እርዳታ እንጂ ክስ አይደለም።

ልዩነቱን ለማወቅ ሁለት ጥያቄዎችን እንጠይቅ። አንደኛ፣ በዚያ ቤት ያሉት ሌሎች ልጆች እንዴት ናቸው? የቤቱ ልጆች በልተው፣ ለብሰውና ተምረው አንዷ ብቻ ከስታና ቆሽሻ ከቀረች ነገሩ ድህነት አይደለም። ሁለተኛ፣ እርዳታ ሲቀርብ ቤተሰቡ ይቀበላል ወይ? ነፃ ሕክምና ወይም ክትባት በደጁ እያለ ልጁን የማያመጣ ሰው ምክንያቱ ሊጠየቅ ይገባል።

"ልጅ በዕድሉ ያድጋል" የሚለው አባባል እዚህ ላይ መነሣቱ አይቀርም። አባባሉ ተስፋ ለመስጠት ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ልጅ የሚያድገው በሚበላው ምግብ፣ በሚያገኘው ሕክምናና በሚያየው ፍቅር ጭምር ነው።

ምልክቶቹን እንዴት እንለያለን?

አንድ ምልክት ብቻ ማስረጃ አይሆንም። ልጅ ይሮጣል፣ ይወድቃል፣ ይቆስላል። የሚጫወት ልጅ ጉልበቱ፣ ቅልጥሙ፣ ክርኑና ግንባሩ ቢላላጥ ወይም ቢበልዝ የተለመደ ነው። የሚከተሉት ሲታዩ ግን፣ በተለይም ሁለትና ሦስቱ አንድ ላይ ሲገኙ፣ ቆም ብለን ማሰብ አለብን።

በአካል ላይ የሚታዩ፦

1. በጀርባ፣ በመቀመጫ፣ በጭን፣ በጉንጭ፣ በጆሮ ወይም በአንገት ላይ ያለ በልዝ። ልጅ በመውደቅ እነዚህን ቦታዎች እምብዛም አይጎዳም።

2. የቀበቶ፣ የገመድ፣ የአለንጋ ወይም የጣት ቅርጽ ያለው ሰንበር።

3. ገና መዳኽ ወይም ቆሞ መሄድ ባልጀመረ ሕፃን ላይ የሚታይ ማንኛውም በልዝ ወይም ስብራት።

4. ጠርዙ እንደ ጓንት ወይም እንደ ካልሲ የተስተካከለ የውኃ ቃጠሎ። በድንገት የፈሰሰ ውኃ ይረጫል፣ የቃጠሎውም ቅርጽ የተዘበራረቀ ይሆናል። ሆን ተብሎ ውኃ ውስጥ የተነከረ እጅ ወይም እግር ግን ወጥ የሆነ መስመር ይኖረዋል።

5. አሮጌና አዲስ ቁስል አንድ ላይ መገኘቱ።

6. ክብደት እየቀነሱ መሄድ፣ ያልታከመ ቁስል፣ በክሊኒክ ሲቆይ ወይም ከሌላ ሰው ጋር ሲኖር ክብደቱ የሚጨምር ልጅ።

7. በሀፍረተ ገላ አካባቢ ሕመም፣ መድማት፣ ፈሳሽ፣ ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል፣ ለመቀመጥ ወይም ለመራመድ መቸገር፣ የአባላዘር በሽታ፣ በለጋ ዕድሜ የተከሰተ እርግዝና።

በጠባይ የሚታዩ፦

1. ተጫዋች የነበረ ልጅ በድንገት ዝምተኛ፣ ፈሪ ወይም ቁጡ መሆኑ።

2. አልጋ ላይ መሽናት ካቆመ በኋላ እንደገና መጀመሩ፣ በቅዠት መባነኑ።

3. ከአንድ ሰው ጋር ብቻውን ላለመቅረት ማልቀሱ ወይም ወደ ቤት መመለስን መፍራቱ።

4. ከዕድሜው በላይ ስለ ወሲብ መናገሩ ወይም በጨዋታው ማሳየቱ።

5. ሰው እጁን ሲያነሣ ፊቱን መሸፈኑ።

6. በትምህርቱ በድንገት መድከሙ፣ ከቤት መጥፋቱ።

በአሳዳጊው ላይ የሚታዩ፦

የጉዳቱን ምክንያት ዛሬ አንድ፣ ነገ ሌላ ማድረግ፤ ልጁ እንዳይናገር ቀድሞ መመለስ፤ ለከባድ ጉዳት ቀናት አሳልፎ ወደ ሕክምና መምጣት፤ በየጊዜው የተለያየ ክሊኒክ መሄድ፤ ልጁን "ክፉ ነው፣ ሌባ ነው፣ ውሸታም ነው" እያሉ ማጥላላት። በመነሻ ታሪካችን ውስጥ ከእነዚህ ስንቱን አያችሁ?

አንድ ነገር ግን እንዳይረሳ። በወሲባዊ ጥቃት ጊዜ ብዙውን ጊዜ በአካል ላይ ምንም ምልክት አይገኝም። ሐኪም መርምሮ "ምንም አላገኘሁም" ማለቱ ልጅቱ ዋሽታለች ማለት አይደለም።

"እኛም ተገርፈን ነው ያደግነው"

ብዙ ወላጆች ይህን ይላሉ፤ እውነታቸውንም ነው። ነገር ግን እስቲ ወደ ኋላ መለስ ብለን እናስታውስ። በአርጩሜ ስንገረፍ ያስታወስነው ጥፋታችንን ነው ወይስ ፍርሃታችንን? ብዙዎቻችን የተማርነው እንዳናጠፋ ሳይሆን ስናጠፋ እንዳንያዝ ነው።

ሕጉም በዚህ ረገድ ግልጽ ነው። ሕገ መንግሥቱ በትምህርት ቤቶችና ልጆች በሚያድጉባቸው ተቋማት አካልን የሚጎዳ ቅጣትን ከልክሏል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 576 ልጅን የማሳደግ ኃላፊነት ያለበት ሰው ልጁን ቢያንገላታ፣ ችላ ቢል፣ ከአቅሙ በላይ ቢያሠራ ወይም ቢደበድብ እንደሚቀጣ ይደነግጋል። በልጁ ጤና፣ ትምህርት ወይም እድገት ላይ ከባድ ጉዳት ከደረሰ ቅጣቱ ይከብዳል፤ ልጁን የማሳደግ መብትንም ሊያሳጣ ይችላል። ይኸው አንቀጽ ወላጆች ሕግን በማይጻረር መንገድ ለመልካም አስተዳደግ ሲሉ የሚወስዱትን የማረሚያ እርምጃ አይቀጣም። ልጅን መምከር፣ ጨዋታ መከልከል፣ ያበላሸውን እንዲያስተካክል ማድረግ ማረም ነው። ማቃጠልና በርበሬ ማጠን ግን በምንም መንገድ ማረም ሊባል አይችልም።

ልጁ ሲናገር ምን እናድርግ?

ልጅ ምስጢሩን የሚናገረው አንድ ጊዜ፣ ያውም በቁራጭ ቃል ሊሆን ይችላል። "አጎቴ ጋ መሄድ አልፈልግም" ይላል እንጂ ነገሩን በዝርዝር አይተርክም። የመጀመሪያው ሰሚ የሚያሳየው ፊት ልጁ እንዲቀጥል ወይም ለዘላለም ዝም እንዲል ያደርገዋል። ስለዚህ፦

1. አይደንግጡ፣ አይጩኹ። ሥራዎን ትተው ጎንበስ ብለው ያዳምጡ።

2. "አምንሃለሁ" ወይም "አምንሻለሁ፤ ጥፋቱ የአንቺ አይደለም፤ መንገርሽ ጥሩ ነው" ይበሉ።

3. "ለምን እስካሁን አልነገርሽኝም?"፣ "ለምን አልጮኽሽም?" ብለው አይውቀሱ።

4. መልሱን በአፉ አያጉርሱት። "እገሌ ነው አይደል የነካሽ?" ከማለት ይልቅ "ምን ሆነ? ከዚያስ?" ብለው ይጠይቁ።

5. "ለማንም አልናገርም" ብለው ቃል አይግቡ። "ሊረዱን ለሚችሉ ሰዎች ብቻ እንነግራለን" ይበሉ።

6. ልጁ የተናገረውን በራሱ ቃል፣ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ይጻፉ። ደጋግመው አያስተርኩት። ለዘመድ አዝማድ ሁሉ እንዲያወራ ማድረግ ሁለተኛ በደል ነው።

7. የተጠረጠረውን ሰው ራስዎ ሄደው አይጋፈጡ። ልጁን ሊያስፈራራው፣ ሊያሸሸው ወይም ማስረጃ ሊያጠፋ ይችላል።

ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰ ሰዓቱ ይሮጣል

በእናቶች ዘንድ የተለመደው ልጅቱን አጥቦ፣ ልብሷን አጥቦ፣ ነገሩን መሸፈን ነው። ይህ ከሐዘንና ከሀፍረት የሚመጣ እንጂ ከክፋት አይደለም። ይሁን እንጂ ልጅቱን ይጎዳታል። ማድረግ የሚገባን የሚከተለውን ነው።

ልጅቱን ሳያጥቡ፣ ልብሷንም ሳያጥቡ ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይውሰዷት። የለበሰችውን ካወለቀች በፕላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ወይም በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ይያዙ፤ በፕላስቲክ ውስጥ እርጥበት ማስረጃውን ያበላሸዋል። ካልታጠበ ይሻላል ማለት ግን ከታጠበ አይረባም ማለት አይደለም። ብትታጠብም፣ ቀናት ቢያልፉም ሕክምናው አይቀርም።

ኤች አይ ቪ እንዳይዛት የሚረዳው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ማለትም በሦስት ቀን ውስጥ መጀመር አለበት፤ በፈጠነ ቁጥር ይበልጥ ይጠቅማል። ለ28 ቀናት ሳይቋረጥ ይወሰዳል። የወር አበባ ማየት የጀመረች ወይም ለመጀመር የደረሰች ልጅ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ በአምስት ቀን ውስጥ ልታገኝ ትችላለች፤ እርሱም ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲወሰድ ይሻላል። ለአባላዘር በሽታዎችም ሕክምና አለ።

እርግዝና ከተከሰተም ሕጉ መንገድ ትቷል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 መሠረት እርግዝናው በመደፈር ወይም በቅርብ ዘመድ የመጣ ከሆነ፣ እንዲሁም ያረገዘችው በዕድሜዋ ለጋነት ልጅ ለማሳደግ ያልተዘጋጀች ከሆነች፣ እርግዝናውን በሕክምና ተቋም ማቋረጥ ይፈቀዳል። ተደፍራ ያረገዘች ስለመሆኗ የራሷ ቃል በቂ ነው፤ የፍርድ ቤት ወረቀት አትጠየቅም። ይህን ባለማወቅ በድብቅ ሄደው ሕይወታቸውን የሚያጡ ልጆች እንዳሉ መዘንጋት የለበትም።

ለማን እንናገር?

ማንኛውም ሰው ወንጀል ተፈጽሟል ብሎ ሲያስብ ለፖሊስ የማመልከት መብት አለው። በዓይኑ ማየት አይጠበቅበትም። ማጣራት የፖሊስና የባለሙያ ሥራ ነው፤ የእኛ ድርሻ ያየነውንና የሰማነውን መናገር ነው። ማመልከት የሚቻለው ለሚከተሉት ነው።

- በአቅራቢያ ላለ ፖሊስ ጣቢያ። የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይን የሚከታተል ክፍል ካለ ወደዚያ እንዲመሩዎት ይጠይቁ።

- ለወረዳው ወይም ለቀበሌው የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች።

- ለጤና ባለሙያ ወይም ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ።

- ልጁ ተማሪ ከሆነ ለመምህሩ ወይም ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር።

ልጁ በዚያች ሰዓት ለሕይወቱ የሚያሰጋ አደጋ ላይ ከሆነ ግን በቀጥታ ወደ ፖሊስ ይሂዱ። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል እንዳለው ባሉ የአንድ መስኮት አገልግሎት ማዕከላት ሐኪም፣ ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግና የምክር አገልግሎት ሰጪ በአንድ ቦታ ይገኛሉ፤ ልጅቱ ከቢሮ ቢሮ እየዞረች ታሪኳን ደጋግማ እንዳትናገር የተቋቋሙ ናቸው።

ሲያመለክቱ የሚከተሉትን ይያዙ፦ የልጁን ስምና ግምታዊ ዕድሜ፤ የሚኖርበትን ቦታ፤ ምን እንዳዩ ወይም እንደሰሙ፣ መቼና ስንት ጊዜ እንደሆነ፤ በቤቱ ማን ማን እንደሚኖር፤ ሌሎች ልጆች ካሉም። ያዩትን ከገመቱት ለይተው ይናገሩ። "ሦስት ሌሊት ለቅሶ ሰማሁ" ማለት "ይገድሏታል" ከማለት ይልቅ ይረዳል።

ዝም የሚያሰኙን ምክንያቶች

"ጎረቤቴ ትቀየመኛለች።" ልትቀየም ትችላለች። ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ቅያሜ በጊዜ ይሽራል፤ የተሰበረ ልጅ ግን በቀላሉ አይጠገንም።

"ተሳስቼ ቢሆንስ?" በቅን ልቡና ያዩትን መናገር ሐሰት መናገር አይደለም። ተጣርቶ ምንም ካልተገኘ እሰየው ነው።

"የቤቱ አስተዳዳሪ እርሱ ነው፤ ቢታሰር ልጆቹን ማን ያበላቸዋል?" ይህ የብዙ እናቶች እውነተኛ ጭንቀት ነው። ማንም በቀላሉ ሊያጣጥለው አይገባም። ስለሆነም እናቲቱ ብቻዋን እንዳትቀር ዕድሩ፣ ዘመድና የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያው ከጎኗ መቆም አለባቸው። ዕድር ለሞተ ሰው ድንኳን የሚተክለውን ያህል በሕይወት ላለ ልጅም ሊሰበሰብ ይችላል።

"በሽምግልና ይለቅ።" ሽምግልና ባልና ሚስትን፣ ጎረቤትንና ጎረቤትን ያስታርቃል፤ ክቡር ባህላችን ነው። በልጅ ላይ የተፈጸመ ወሲባዊ ጥቃት ግን በካሣና በይቅርታ የሚዘጋ የግል ጉዳይ አይደለም። ዕድሜዋ ከ13 ዓመት በታች በሆነ ልጅ ላይ የሚፈጸም የግብረ ሥጋ ድርጊት ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እሥራት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደፋሪው የደፈራትን ካገባ ከክስ የሚያመልጥበት መንገድ ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ግን ይህን አስቀርቶታል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጓል። "ያው ያግባት፣ ገመናዋም ይሸፈን" ማለት ልጅቱን ለበደለኛዋ ዕድሜ ልክ መስጠት ነው።

ከተነገረ በኋላስ?

ማሳወቅ መጨረሻ አይደለም። ልጁ ከዚያ በኋላ የሚፈልገው የለመደው ኑሮ እንዲመለስለት ነው፤ ትምህርቱ፣ ጨዋታው፣ በሰዓቱ የሚበላው ምግብ፣ በሰላም የሚተኛበት ቦታ። "ያቺ የተደፈረችው" ወይም "ያ የተቃጠለው" እየተባለ እንዳይጠራ ሠፈሩ አፉን መሰብሰብ አለበት። ልጁ ለረጅም ጊዜ ቢቅዥ፣ ቢቆጣ ወይም ትንሽ ልጅ መስሎ ቢያስቸግር ታገሡት። ካልተሻለው የምክር አገልግሎት ያስፈልገዋል።

ከቤተሰቡ መለየት የመጨረሻው አማራጭ ነው። ብዙ ወላጆች ድጋፍና ምክር ሲያገኙ ይስተካከላሉ። ልጁ እዚያው ቢቆይ የሚጎዳ ሲሆን ግን ደኅንነቱ ከሁሉ ይቀድማል።

ንዴት ሲያሸንፈን

ይህ ክፍል ለእኛ ለወላጆች ነው። ሌሊቱን ሙሉ የሚያለቅስ ሕፃን፣ የኑሮ ውድነት፣ የባል መጠጥ፣ ተደራርቦ የመጣ ወሊድ እናትን ያደክማል። የደከመ ሰው ደግሞ ቶሎ ይቆጣል። ንዴቱ ሲመጣ ሕፃኑን አደጋ በሌለበት ቦታ በጀርባው አስተኝተው በር ላይ ወጥተው ይተንፍሱ፤ ሕፃን ጥቂት ደቂቃ ቢያለቅስ አይሞትም፤ በንዴት ከተነቀነቀ ግን ሊሞት ይችላል። "እባክሽ ለአንድ ሰዓት ያዢልኝ" ብሎ ጎረቤትን መጠየቅ ነውር አይደለም። እጅዎ ከቁጥጥርዎ እየወጣ እንደሆነ ከተሰማዎት ለክሊኒኩ ባለሙያ ይንገሩ። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው ነው።

ወደ ታሪካችን እንመለስ

ጎረቤቲቱ መርፌዋን ልትወጋ ስትገባ በሩ ተዘጋ። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና "ሲስተር፣ አንድ ነገር ላዋይዎት ነበር፤ ፈራሁ እንጂ" አለች። ነርሷም ወንበሯን ጠጋ አድርጋ "ይንገሩኝ፣ እትዬ። ከየት እንደሰማሁት ለሴትዮዋ አልነግራትም" አለቻት። ጎረቤቲቱ ስለ ሁለቱ የተለያዩ ምክንያቶች፣ ስለ ሌሊቱ ለቅሶና ስለ በርበሬው ጭስ ያየችውንና የሰማችውን ብቻ ተናገረች።

ነርሷ "ቁስሉ መታጠብ አለበት" ብላ ልጅቱን ለብቻዋ አስገባቻት። ቁስሉን እያጠበች "ይህ እንዴት ሆነ?" አለቻት። ልጅቱ ለረጅም ጊዜ ዝም ካለች በኋላ "ወተቱ ገንፍሎብኝ ነው... ከዚያ በማንኪያ" አለችና አለቀሰች። ነርሷ ቃሏን እንዳለ መዝግባ ለክሊኒኩ ኃላፊ አሳወቀች። የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያና ፖሊስ ተጠሩ። ልጅቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከእናቷ ጋር ተገናኘች፤ በመስከረምም ትምህርት ቤት ገባች።

ጎረቤቲቱን ማን እንደተናገረ የጠየቃት የለም፤ ግቢው ግን ጠርጥሯታል። ብዙ ወራት ቡና ሳይጠሯት አለፉ። ይህን የምንጽፈው ነገሩ ቀላል ነው እንዳንል ነው። ሆኖም ማታ ማታ በግድግዳው በኩል ለቅሶ መሰማቱ ቀርቷል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በታሪኩ ውስጥ የጥቃትም የቸልተኝነትም ምልክት የሚሆኑትን ዘርዝሩ።

2. ነርሷ ልጅቱን ለብቻዋ ማነጋገሯ ለምን ጠቀመ?

3. በሠፈራችሁ ለትምህርት ተብለው ከገጠር የመጡ ልጆች ትምህርት ቤት ይሄዳሉ? የማይሄዱ ካሉ ለማን ይነገራል?

4. ዕድራችሁ እንደ ጎረቤቲቱ የተናገረን ሰው ብቻውን እንዳይቀር ምን ሊያደርግ ይችላል?

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ስታነቡ አንድ ልጅ በዓይነ ኅሊናችሁ ከመጣ ተራችሁ ደርሶ ስትገቡ ለባለሙያዋ ንገሯት። የመጣችሁበት ጉዳይ ሌላ ቢሆንም ትሰማችኋለች።